ከመፍታቱ በፊት የሚለካ ወርክሾፕ፦ የአሮጌ ትራክተር የቻርጅ ጥገና በአዳማ

ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የጎማ ጥገናና የብየዳ ቤቶች ጎን ለጎን በተደረደሩበት ሰፈር፣ «ዲናሞ እና ሞተሪኖ እንጠግናለን» ከሚል በእጅ የተጻፈ ቆርቆሮ በስተቀር ሌላ ስም ያልለጠፈ አንድ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ወርክሾፕ አለ። አብዛኞቹ ደንበኞቹ የአይሱዙና የሚኒባስ ሾፌሮች ቢሆኑም ከዶዶታ፣ ከኢተያና ከወለንጪቲ አካባቢ የሚመጡ ትራክተር ያላቸው ገበሬዎችና አከራዮችም ያዘወትሩታል። እዚህ የምገመግመው ቤቱ በአሮጌ ትራክተር የቻርጅ ሥርዓት ላይ የሚሠራውን ሥራ ብቻ ነው። የመኪና ሥራው ምን እንደሚመስል ስላላየሁ ስለዚያ አስተያየት አልሰጥም።

ያስጠገንኩት ማሲ ፈርጉሰን 165 ነው። ይህ ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1964 መመረት የጀመረ ሲሆን፣ የእኔው በዛሬ መኪኖች ላይ የምናየው አልተርኔተር ሳይሆን ቀጥተኛ ጅረት የሚያመነጨው የቀድሞው የሉካስ ዲናሞና ለብቻው የተገጠመ፣ የቻርጁን ቮልት የሚቆጣጠር የሬጉላቶር ሳጥን ያለው ነው። እንዲህ ያለ ዲናሞ ይዞ ወደ ብዙ ጋራዥ የሚገባ ሰው ከሁለት መልስ አንዱን ይሰማል፤ ወይ «ባትሪ ቀይር» ይባላል፣ ወይም «ይህ ጊዜው ያለፈበት ነው፣ አልተርኔተር እንግጠምልህ» ይባላል። ሁለቱም ምክሮች አንዳንድ ጊዜ ትክክል ናቸው። ነገር ግን ባትሪው፣ ሽቦውና ዲናሞው ሳይለኩ የሚሰጡ ከሆነ ለባለ ትራክተሩ ገንዘብ ከማስወጣት ያለፈ ጥቅም የላቸውም።

የዚህ ቤት ትልቁ ብልጫ ቴስተሩ ከመፍቻው የሚቀድም መሆኑ ነው። ዋናው ባለሙያ ትራክተሩ ባለበት ቦታ መጥተው ከመረመሩ በኋላ ካልሆነ ዲናሞውን ለማስፈታት ፈቃደኛ አይደሉም፤ ቢቸግር ግን ሬጉላቶሩ አብሮ ከመጣላቸው ይቀበላሉ። ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ የገባኝ በእኔው ትራክተር ላይ ሲሠሩ ነው። በመጀመሪያ ሌሊቱን ቆሞ ያደረውን ባትሪ ሞተሩ ሳይነሣ ለኩ። ሙሉ በሙሉ የተሞላና በደህና ሁኔታ ላይ ያለ ባለ 12 ቮልት የአሲድ ባትሪ ያለ ሥራ ቆይቶ ሲለካ 12.6 ቮልት ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ያሳያል፤ 12.2 ገደማ ካሳየ ግማሽ ያህሉ ወጥቷል ማለት ነው። የእኔው ከግማሽ ብዙም ፈቀቅ ያላለ ነበር። ቀጥለው ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ሲያዞር ቮልቱ ምን ያህል እንደሚወርድ ተመለከቱ፤ ከ10 ቮልት በታች ስላልወረደ ባትሪው ራሱ ገና አገልግሎት እንደሚሰጥ፣ ያጣው ነገር የሚሞላው እንደሆነ ነገሩኝ። ሞተሩ ተነሥቶ ዙሩ ከፍ ሲል ደግሞ በባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት መታየት ሲገባው 12.6 ላይ ቆመ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ዲናሞውን ይፈታል። እኚህ ባለሙያ ግን የቴስተሩን አንድ ጫፍ በዲናሞው አካል ላይ፣ ሌላውን ደግሞ ማሳ በሆነው፣ ማለትም ከትራክተሩ አካል ጋር በታሰረው የባትሪው ዋልታ ላይ አድርገው ሞተሩ እየሠራ ለኩ። በሁለቱ መካከል ሊታይ የሚገባው ከ0.2 ቮልት ያነሰ ሲሆን የተገኘው ግማሽ ቮልት ያለፈ ነበር። ባትሪውን ከትራክተሩ አካል ጋር የሚያገናኘው የማሳ ገመድ ከውጭ ሲታይ ደህና ቢመስልም ከብሎኑ ሥር በዝገትና በአሮጌ ቀለም ምክንያት አካሉን በደንብ አይነካም ነበር። ቦታው ብረቱ እስኪታይ ድረስ ተፋቀ፣ ገመዱ ተለወጠ፣ ብሎኑም ከታሰረ በኋላ ግራሶ ተቀባ። ይህ ብቻ የጎደለውን ቮልት በከፊል መለሰው። ሬጉላቶሩ የሚሠራው በሚደርሰው ቮልት ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ፣ ማሳው ሳይስተካከል ሬጉላቶሩን መነካካት በተሳሳተ ሚዛን ላይ እንደ መመዘን ያለ ሥራ ነው። የሬጉላቶሩን ሞላ በፒንሳ እያጠፉ «ቻርጁን ከፍ አደረግነው» የሚሉ ሰዎች በየከተማው አሉ። ውጤቱ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሚፈላ ባትሪና የሚቃጠል ዲናሞ ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ዲናሞው ራሱ የተፈተነው። በዲናሞው ላይ ያሉት ሁለት ጫፎች ከሬጉላቶሩ ተለያይተው እርስ በርስ ተገናኙ፣ ሞተሩም በዝግታ ዙሩ ከፍ እንዲል ተደረገ። ጤነኛ ዲናሞ በዚህ ጊዜ ቮልቱ ሳይንቀጠቀጥ በፍጥነት መውጣት አለበት፤ ያለ ቁጥጥር ስለሚወጣ ደግሞ ሞተሩን በኃይል ማስጮህ ፈጽሞ አይገባም። የእኔው ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። ሲፈታ ምክንያቱ ታየ። ካርቦኖቹ፣ ማለትም ከሚዞረው አካል ጅረቱን የሚቀበሉት ቁራጮች፣ ከግማሽ በላይ አልቀዋል፤ ካርቦኑ የሚሄድበት ባለ ብዙ ክፍል የመዳብ ቀለበት ጠቁሮና ተቦርቡሮ በመዳቦቹ መካከል ያለው የሚካ መለያ ከመዳቡ በላይ ወጥቷል። ሚካው ከፍ ሲል ካርቦኑ እየዘለለ ስለሚሄድ ብልጭታ ይፈጠራል፤ ብልጭታው መዳቡን የበለጠ ይበላዋል።

ቀለበቱ ጎረቤት ባለው ቶርኖ ቤት በቀጭኑ ተላገ፤ ከዚያም ሚካው በተሳለ የመጋዝ ስለት ከመዳቡ ወለል በታች ከ1 ሚሊ ሜትር ባነሰ ጥልቀት ተፋቀ። ይህ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ቤቱ ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ በጣም ያደነቅሁትም ይህንኑ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ቦታ ቀለበቱን በሸካራ ወረቀት ጠርገው ካርቦን ከቀየሩ በኋላ መልሰው ስለሚገጥሙትና ጥገናው አንድ የእርሻ ወቅት እንኳን ሳያልፍ ስለሚበላሽ ነው።

ስለ ካርቦኑም አንድ ነገር መባል አለበት። ለእነዚህ አሮጌ ዲናሞዎች በልኩ የተሠራ ካርቦን በገበያ ላይ ሁልጊዜ አይገኝም። አንዳንድ ጠጋኞች የሞተሪኖ ካርቦን በሞረድ አሳንሰው ይገጥማሉ። የሞተሪኖ ካርቦን ለጥቂት ሰከንድ ብዙ መቶ አምፔር እንዲያሳልፍ ብዙ መዳብ የተቀላቀለበት ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ለሚሽከረከር ዲናሞ አይስማማም። እዚህ ቤት የተገጠመልኝ ከሌላ ዲናሞ ካርቦን በልክ የተሞረደ ነው፤ ምን እንደሆነም ሳይደብቁ አስቀድመው ነግረውኛል። የፊተኛው ኩሽኔታ ተቀየረ። የኋለኛው ግን ኩሽኔታ ሳይሆን ዘይት የሚመጥ የነሐስ ቡሽ ነው፤ በዲናሞው ጀርባ ባለች ትንሽ ቀዳዳ በኩል አልፎ አልፎ ጥቂት ጠብታ የሞተር ዘይት ካላገኘ ያልቃል፤ ሲያልቅም የሚዞረው አካል የማይዞረውን መፋቅ ይጀምራል። ዘይቱ ከመጠን ካለፈ ደግሞ ወደ ካርቦኑ ይረጫል። ይህቺ ቀዳዳ በአብዛኛው በአቧራና በግራሶ ተደፍና ስለምትገኝ መኖሯን የሚያውቅ ሾፌር ጥቂት ነው።

ዲናሞው ከተገጠመ በኋላ ትክክለኛውን አቅጣጫ እንዲይዝ የመስኩ (የማግኔቱ ጥቅል) ጫፍ ለአፍታ ያህል ከባትሪው ተነካ። አንዳንድ አሮጌ የእንግሊዝ ትራክተሮች ማሳቸው ፖዘቲቭ ስለሆነ ይህ ከመደረጉ በፊት የትኛው ዋልታ ከአካሉ ጋር እንደታሰረ ማየት ግዴታ ነው። ባለሙያው ይህንን በመጀመሪያ አይተው በጠመኔ ምልክት አድርገውበት ነበር። በመጨረሻ ሲለካ በሥራ ዙር ላይ 14 ቮልት ያለፈ ሲሆን መብራቶቹ ሁሉ በርተውም ከ13 ቮልት በላይ ይቆያል። ሞተሩ ዝቅ ባለ ዙር ሲሠራ የቻርጅ መብራቷ ጭል ጭል ትላለች፤ ይህ ለዲናሞ የተፈጥሮ ጠባዩ ስለሆነ እንደ ብልሽት አልቆጥረውም።

ባለሙያውን «አልተርኔተር ይሻላል?» ብዬ ስጠይቃቸው የሰጡኝ መልስ ቤቱን እንድመክር ካደረጉኝ ነገሮች አንዱ ነው። አዲስ መሸጥ ለእነርሱ ከጥገና የበለጠ ትርፍ አለው፤ ቢሆንም በወረቀት ላይ አብረን ሒሳቡን ሠራነው። የናፍጣ ሞተር ለማስነሣት ሞተሪኖው 300 አምፔር ለ5 ሰከንድ ቢወስድ ከባትሪው የሚወጣው ግማሽ አምፔር ሰዓት እንኳን አይሞላም፤ 10 አምፔር ትርፍ የሚሰጥ ዲናሞ በጥቂት ደቂቃ ይመልሰዋል። ባለ 45 ዋት ሁለት የፊት መብራትና ባለ 55 ዋት አንድ የኋላ መብራት በአንድነት ከ11 እስከ 12 አምፔር ያህል ይወስዳሉ። በጤና ላይ ያለ የዚህ ዓይነት ዲናሞ በከፍተኛ ዙር 22 አምፔር ገደማ ስለሚሰጥ ሌሊት ለሚያርስ ትራክተር እንኳን ይበቃል። ማረሻ የሚጎትት ሞተር ዙሩ ከፍ ብሎ ስለሚውል ዲናሞው የሚፈልገውን ፍጥነት ያገኛል። አልተርኔተር የሚያስፈልገው በዝቅተኛ ዙር መብራት አብርቶ ለሚቆም፣ ለምሳሌ ተሳቢ እየጎተተ ጭነት እስኪራገፍ ድረስ ሞተሩ ሳይጠፋ ለሚጠብቅ ትራክተር ነው፤ ዲናሞ በዚያ ሁኔታ ምንም አይሰጥም፣ አልተርኔተር ግን በዝቅተኛ ዙርም ይሞላል።

ለውጡን ለሚፈልግ ሰውም ነገሩ ዲናሞ ፈትቶ አልተርኔተር እንደ ማሰር ቀላል እንዳልሆነ ያስረዳሉ። የቀድሞው ሬጉላቶር ይወጣል፤ ከአልተርኔተሩ ወደ ባትሪው የሚሄደው ሽቦ ይወፍራል፤ ማሳው ፖዘቲቭ ከነበረ ይገለበጣል፤ ፑሌጃው ከሞተሩ ፑሌጃ ጋር በአንድ መስመር ላይ ካልሆነ ቺንጋው ይበላል፤ በዳሽቦርዱ ላይ ያለው የአምፔር መለኪያም አዲሱን ጅረት መቻሉ ይታያል። በአንዳንድ የእንግሊዝ ትራክተሮች ላይ የሰዓትና የዙር መቁጠሪያው የሚሽከረከረው ከዲናሞው ጀርባ ስለሆነ ዲናሞው ሲወጣ መቁጠሪያውም ይቆማል። በሰዓት እያከራየ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

የእኔን ተራ ስጠብቅ ያየኋቸው ሌሎች ሥራዎችም ቤቱን በተመለከተ ያለኝን ግምት አጠናክረውልኛል። አንድ በዕድሜ የገፉ ገበሬ አልተርኔተር ያለው ትራክተራቸው አይሞላም ብለው ሌላ አልተርኔተር ሊገዙ ገንዘብ ይዘው መጥተው ነበር። ከተለማማጆቹ አንዱ የቻርጅ መብራቷን ፈትቶ እያሳያቸው «አባባ፣ አልተርኔተሩማ ደህና ነው፤ የተቃጠለችው ይህቺ አምፖል ናት» አላቸው። በብዙ አልተርኔተሮች ላይ የመጀመሪያው የማስነሻ ጅረት የሚያልፈው በዚያች ትንሽ አምፖል በኩል ስለሆነ አምፖሏ ስትቃጠል አልተርኔተሩ ላይነሣ ይችላል። አምፖል ተቀየረላቸው፣ የአምፖል ዋጋ ከፍለው ሄዱ።

ሌላው የቤላሩስ ኤምቲዜድ 80 ትራክተር ሾፌር ነበር። ቤላሩስ በዚህ ከተማ እንግዳ አይደለም፤ በደርግ ዘመን የናዝሬት ትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ ይገጣጥመው የነበረው ይኸው ትራክተር ስለሆነ በዙሪያው ባሉ እርሻዎች ላይ ዛሬም ይሠራል። ሾፌሩ ሌላ ቦታ ካርቦን እንዲያስቀይር ተነግሮት ነበር የመጣው። ባለሙያው ሣቅ ብለው «ልጄ፣ ይህ ካርቦን የሚባል ነገር የለውም፤ የሌለውን ምኑን ልቀይርልህ?» አሉት። በእርግጥም የኤምቲዜድ 80 አልተርኔተር ያለ ካርቦን የሚሠራ ነው፤ የመስኩ ጥቅል አይዞርም፣ የሚዞረው ብረቱ ብቻ ነው። ብልሽቱ በአብዛኛው ከዳዮዶቹ (ተለዋዋጩን ጅረት ወደ ቀጥተኛ ከሚለውጡት ክፍሎች)፣ ከሬጉላቶሩ፣ ከኩሽኔታው ወይም ከሽቦው ነው የሚመጣው። የሌለ ዕቃ የሚያስቀይር ጋራዥ መኖሩ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው።

ቤቱ እንከን የለውም ማለት ግን አይደለም። አንደኛውና ለእኔ ከባዱ፣ የሚለኩትን ቁጥር በወረቀት አይሰጡም። ከጥገና በፊትና በኋላ የተገኘው ቮልት ተጽፎ ቢሰጥ ባለቤቱ በሚቀጥለው ጊዜ የሚያወዳድረው ነገር ይኖረው ነበር፤ እኔ በራሴ ማስታወሻ ላይ ጻፍኩት። ዋስትናቸውም የቃል ብቻ ነው። የተለማማጆቹ የሽቦ አቀጣጠል ከዋናው ባለሙያ ሥራ ጋር አይመጣጠንም፤ ሁለት ሽቦ ጠምዝዘው በፕላስተር ይጠቀልላሉ። ይህ በቤት ውስጥ ለሚቀመጥ ዕቃ ያገለግል ይሆናል፣ ቀኑን ሙሉ በሚንቀጠቀጥና አቧራ በሚጠጣ ትራክተር ላይ ግን ይላላል። በብየዳ እርሳስ እንዲያያይዙት ጠይቄ ሠርተውልኛል፤ ካልጠየቁ ግን አይሠራም። የተጠገነ ዲናሞ ከመገጠሙ በፊት በቤቱ ውስጥ የሚፈተነው ከባትሪ ጋር አገናኝተው እንደ ሞተር በማሽከርከር ነው። ይህ ጥቅሎቹ እንዳልተቋረጡ ያሳያል፣ ምን ያህል አምፔር እንደሚሰጥ ግን አይናገርም። በጭነት ላይ የሚፈትን መሣሪያ ስለሌላቸው ዲናሞውን ብቻ አምጥቶ የሚሄድ ደንበኛ ውጤቱን የሚያውቀው ሜዳው ላይ ነው።

ወረፋውም አሰልቺ ነው፤ በተለይ በግንቦትና በሰኔ ሁሉም ትራክተር በአንድ ጊዜ ሲፈለግ ዋናውን ባለሙያ ወደ ገጠር ማውጣት እጅግ አስቸጋሪ ይሆናል። ክፍያው በእኔ ግምት ተገቢ ነው። ኩሽኔታውን፣ ካርቦኑን፣ የቶርኖ ሥራውንና የማሳ ገመዱን ጨምሮ የወጣው ወጪ አዲስ አልተርኔተር ከነለውጥ ሥራው ከሚጠይቀው በእጅጉ ያነሰ ነው። የዕቃ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ቁጥሩን እዚህ መጻፉ አንባቢን ከማሳሳት በቀር አይጠቅምም።

ከጥገናው በኋላ የሰጡኝ ምክርም ለአካባቢው የሚስማማ ነው። በአዳማና በዙሪያዋ ያለው አፈር በእሳተ ገሞራ አመድ የተሞላ በመሆኑ አቧራው ደቃቅና ፋቂ ነው። በመከር ጊዜ ደግሞ የስንዴ ገለባ በዲናሞው የማናፈሻ ቀዳዳ ውስጥ ይጠቀጠቃል። ስለዚህ በየጊዜው በኮምፕሬሰር መንፋት ያስፈልጋል፤ ትራክተሩ ሲታጠብ ግን ውኃ በቀጥታ ወደ ዲናሞው መርጨት አይገባም። ቺንጋው በሁለቱ ፑሌጃዎች መካከል ባለው ረጅም ክፍል ላይ በአውራ ጣት ሲጫኑት ከ10 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ያህል ቢረግብ ይበቃል፤ ከዚህ በላይ ከጠበቀ ኩሽኔታውንና ቡሹን ይጎዳል፣ ከላላ ደግሞ ይንሸራተታል። ሙቀቱ የባትሪን ውኃ ቶሎ ስለሚያደርቅ ሳህኖቹ እንዳይራቆቱ እየታየ በተጣራ የባትሪ ውኃ መሙላት ይገባል። የሚጎድለው ውኃው እንጂ አሲዱ ስላልሆነ አሲድ አይጨመርም፤ ሃይላንድ የሚጨምሩም አሉ፣ ነገር ግን የሚጠጣ ውኃ ማዕድን ስላለበት ሳህኖቹን ይጎዳል። በትራክተሩ ላይ ብየዳ ሲሠራ የባትሪው ገመዶች ይፈታሉ። አልተርኔተር ያለው ትራክተር ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ከተፈታ ዳዮዶቹ ሊቃጠሉ ይችላሉ፤ «ባትሪውን ፈትቼ ሞተሩ ካልጠፋ አልተርኔተሩ ይሠራል» የሚለው የሾፌሮች ፈተና ስንት ጤነኛ አልተርኔተር እንዳቃጠለ እግዜር ይወቀው። ከመከር በኋላ ትራክተሩ ለረጅም ጊዜ ከቆመ ባትሪው በራሱ እየደከመ ሳህኖቹ ስለሚጠነክሩ አልፎ አልፎ ቻርጅ መደረግ አለበት።

ወደዚህ ቤት መሄድ ለሚፈልግ ባለ ትራክተር የተሻለው ጊዜ ስንዴው ከተወቃ በኋላ ከጥር እስከ መጋቢት ያለው ወቅት ነው፤ ባለሙያው በዚያ ጊዜ ወደ እርሻው ለመምጣት ፈቃደኛ ናቸው። የመጓጓዣው ወጪ በባለ ትራክተሩ ላይ ስለሚወድቅ የሁለት ጎረቤታሞች ትራክተር በአንድ ጉዞ እንዲታይ ማድረግ ይጠቅማል፤ ዋጋውንም ከመነሣታቸው በፊት መነጋገር ይሻላል። ትራክተሩን ማሳየት የማይቻል ከሆነ ዲናሞውንና ሬጉላቶሩን አብሮ መውሰድ፣ ሽቦዎቹ ከመፈታታቸው በፊት ደግሞ የትኛው በየትኛው ጫፍ ላይ እንደነበረ በስልክ ፎቶ አንሥቶ መያዝ ያስፈልጋል፤ የማሳው ዋልታ የትኛው እንደሆነ መጀመሪያ የሚጠይቁት እርሱን ነው።